ጨው የሚያጥበው ዝናብ

ጅቡቲ ላይ የባሕሩ ነፋስ ጨው ይዞ ስለሚመጣ ብረት ይበላል። ካርቲየ ሰባት በሚባለው ሰፈር ቤት ተከራይቼ አሮጌ የቤት መኪና የገዛሁ ጊዜ ጭንቀቴ ሁሉ ዝገት ነበር። ከሥሯ የተቃጠለ ዘይት ቀባኋት፤ ከላይ የማለብሳት ሸራም ገዛሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ድንገት ጠቆረና ዝናብ ወረደ። ዝናብ፣ ያውም ጅቡቲ ላይ! እኔ ደግሞ በአዲስ አበባ መንገድ ስመላለስ የኖርኩ የከባድ መኪና ሾፌር ነኝ፤ ጠብታ ሲወርድብኝ እጄ የሚያውቀው የጫንኩት ማዳበሪያም ስንዴም ሳይረጥብ ሸራ ማልበስ ብቻ ነው። ሮጬ ወጣሁና መኪናዬን ሸፍኜ በገመድ ጠፍሬ አሰርኳት።

ቀና ስል የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሸራውን እየገፈፈ፣ መኪናውን ከጥላ ሥር እያወጣ ነው።

«አንተ! አብደሃል?» ብለው ጮኹብኝ የድሬዳዋዋ ጎረቤቴ ከሱቃቸው ደጃፍ። «አላህ ጨዉን በነፃ ሊያጥብልህ አንተ ትሸፍናለህ? ግለጣት!»

በራሴ በገንኩ። ቋጠሮው ረጥቦ አልፈታ ቢለኝ ገመዱን በቢላ በጠስኩት። እሳቸውም ዝናቡ ውስጥ ገቡና ከመኪናዋ በር ሥር የሚንጠባጠበውን ውሃ በጣታቸው ቀመሱ።

«ገና ጨው ጨው ይላል!»

እኔም ቀመስኩ፤ እውነታቸውን ነው። ሁለታችንም በስብሰን፣ እየሳቅን፣ እንደ ወጥ ደጋግመን ቀመስናት።

«አሁንስ?» አልኳቸው ሲቆይ።

ጣታቸውን ላሱና እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ።

«አልጫ ሆነች!»