ክር የሌለው ሸራ ጫማ

ሠላሳ አንድ ዓመት ጫማ ሻጭ ነበርኩ። የደንበኛውን ጫማ ጫፍ በአውራ ጣቴ ጫን አድርጌ «እዚህ ጋ ይጠብዎታል?» እላለሁ። እሱ በይሉኝታ «ልክ ነው» ይላል፤ እኔ ፊቱን አይቼ አንድ ቁጥር ከፍ ያለውን አመጣለታለሁ። እግር በሙቀት ያብጣላ!

ዘንድሮ ጡረታ ወጣሁና እህቴ «ሙቀቱን ሐይቅ ዳር እኔ ጋ አሳልፍ» አለችኝ። ወገቤ ክር ማሰር እንቢ ስላለኝ፣ ክር የሌለው ሸራ ጫማ ልገዛ ሄድኩ። ሻጯ ካርቶኑን አቀብላኝ ወደ ስልኳ ተመለሰች። ወይ ጊዜ! ጫማውን አጥልቄ፣ እንደምንም ጎንበስ ብዬ ጫፉን ጫንኩና፣ ልማድ ሆኖብኝ፣ ጮክ ብዬ «እዚህ ጋ ይጠብዎታል?» አልኩ።

«እኔን ነው ጋሼ?» አለች፣ ዓይኗን ከስልኳ ሳትነቅል።

አፍሬ «ልክ ነው» አልኩ። ትንሿ ጣቴ እየተቃጠለች ከፍዬ ወጣሁ፤ ፊቴን ያየ አልነበረም።