የኤሊዋ ጋቢና

ኤሊዋን ያመጧት የአባቴ የቀድሞ የሥራ ባልደረባ፣ ዛሬም ከባድ መኪና የሚነዱት ጓደኛቸው ናቸው። ከሊማሊሞ በታች ካለው ቆላ ጭነት ይዘው ሲወጡ አስፋልቱ መሀል አገኟት። ሌላ መኪና እንዳይጨፈልቃት አንስተው ከወንበር ሥር አስቀመጧትና ደባርቅ ሲደርሱ በራችንን አንኳኩ።

«እንካ፣» አሉት አባቴን፣ «እኩያህን አመጣሁልህ። ከእንግዲህ አብራችሁ ወጣ ወጣ በሉ።»

አባቴ ጉልበታቸውን ታመው መንዳት ካቆሙ ወዲህ እንዲህ የሚደፍራቸው ሰው አልነበረም። እኔ ደንግጬ መሬት መሬት አየሁ። እሳቸው ግን ኤሊዋን በሁለት እጃቸው ተቀብለው አገላብጠው አዩና «ይቺስ ከኔ ትሻላለች፤ ቤቷን ተሸክማ ነው የምትሄደው» አሉ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ሲስቁ ሰማኋቸው።

ደባርቅ ብርድ ነው፣ ለቆላ እንስሳ አይሆንም ለማለት አፌን እስክከፍት ጓደኛቸው ወደ መኪናቸው እየሄዱ ነበር። ነገሩ እሳቸውንም ሳያሳስባቸው አልቀረም። «ካልተስማማት በሚቀጥለው ጉዞዬ መልሼ ካገኘኋት ቦታ አኖራታለሁ» ብለው ሄዱ።

«ይስማማታል» አሉ አባቴ፣ ለራሳቸው።

አልተስማማትም። ጎመን አቀረብንላት፣ ሳር አጨድንላት፤ ራሷን ወደ ውስጥ ሰብስባ ዐይኗን እንኳን አልከፈተችም። ከሰሜን ተራሮች የሚወርደው ነፋስ ግቢያችንን ሲጠርገው ይውላል። በእኛ አገር ደግሞ ለብርድ መድኃኒቱ ጋቢ ነው። የታመመ ይጠቀለልበታል፤ ከመንገድ ለገባ እንግዳ ይደረብለታል፤ በክፉ ብርድ የተወለደ ግልገል እንኳን አሮጌ ጋቢ አያጣም። አባቴ የራሳቸውን ጋቢ አውልቀው ኤሊዋን ጠቀለሏት። ጠዋት ስንፈታት እንደ ወንዝ ድንጋይ ቀዝቅዛለች። ጋቢው ሳስቷል ብለው ሌላ ደረቡላት። እኔም ባዮሎጂ ተምሬ የተመረቅሁት ልጃቸው ጫፉን ይዤ አብሬ ስጠቀልል ሰነበትኩ።

አንድ ጠዋት እጄን ወደ ጋቢው ውስጥ ሰድጄ ስዳብሳት ነገሩ ገባኝ።

«አባባ፣ ጋቢ እኮ ሙቀት የለውም።»

«እንዴት የለውም? ይኸው እኔን ያሞቀኝ የለም?»

«እርስዎን የሚያሞቅዎት የራስዎ ገላ ነው። ጋቢው ሙቀቱ እንዳይወጣ ይይዝልዎታል እንጂ። እሷ ከገላዋ የምታወጣው ሙቀት ይህን ያህል አይደለም፤ ከፀሐይ ነው የምትወስደው። ቀዝቅዛ ከጠቀለልናት የምንይዝላት ቅዝቃዜዋን ነው።»

አባቴ እጃቸውን ወደ ጋቢው ሰደው እሳቸውም ዳበሷት። ከልክ በላይ የተናገርኩ መስሎኝ ፊቴ ጋለ።

«ታዲያ ብርዷን ስንጠብቅላት ነዋ የሰነበትነው!» አሉና እስኪያስላቸው ሳቁ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳስታውስ ዛሬም ይደንቀኛል። ግቢያችን ፀሐይ አያጣም፤ ነገር ግን ፀሐይ የሰጠችውን ነፋሱ ወዲያው ይወስደዋል። አባቴ በር ላይ ተቀምጠው ብዙ ካሰቡ በኋላ «ውጭ ነፋሱ እያፏጨ፣ ጋቢና ውስጥ ፀሐዩ ሸሚዝ ያስወልቀን ነበር» አሉ። «ለሷም ጋቢና እንሥራላት። ጋራዥ ሂጂና አሮጌ የፊት መስታወት ካላቸው ጠይቂልኝ።»

ሰው መሀል መናገር ለእኔ ቀላል አይደለም። ጋራዡ በር ላይ ቆሜ ሰላም ብዬ የፊት መስታወት ስጠይቅ ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም። መካኒኩ ከመኪና ሥር ወጥቶ እጁን እየጠረገ «ለምን ዓይነት መኪና ነው፣ እህቴ?» አለኝ።

«ለ... ለኤሊ።»

«ለአይሱዙ?»

«ለኤሊ» አልኩ፣ ጮክ ብዬ።

ጋራዡ በሙሉ ሳቀ። «ስንት ሞዴል ናት?» አለ አንዱ። «ማርሿስ ስንት ነው?» አለ ሌላው። የላከኝ የድሮ ደንበኛቸው አባቴ መሆናቸውን ስነግራቸው ግን ሳቃቸውን ሳያቆሙ ጠርዙ ላይ የተሰነጠቀ መስታወት ከጥግ አወጡና ሁለት ሆነው ተሸክመው እቤት ድረስ አመጡልን።

አባቴ ረፋድ ላይ ፀሐይ የሚመታውን ግድግዳ መረጡ። በስንዝር እየለኩ በአሮጌ ሳንቃ ሰፊ ሣጥን ሠሩ። የዝናብ ውሃ እንዳያቁር ከሥሩ ጠጠር አፈሰሱበት፤ በላዩ ደረቅ አፈርና ገለባ ደለደሉ። ጠፍጣፋ ጥቁር ድንጋይ ፀሐይ እንዲጠጣ ከመሀል አኖሩ። መስታወቱን በላዩ አጋደሙት። እኔ በበኩሌ ማታ ማታ በስልኬ አነባለሁ፤ ጠዋት እነግራቸዋለሁ። ሙቀት ሲበዛባት የምትሸሸግበት ጥላ ያስፈልጋታል ስላቸው ግማሹን በሳንቃ ሸፈኑና «ይሄ ባለመስታወቱ ጋቢናው፣ ያኛው የጭነቱ ቦታ» አሉኝ። ለቅርፊቷ ጥንካሬ የሚበጃት የፀሐይ ብርሃን በመስታወት በኩል በደንብ አያልፍም ስላቸውም አልተከፉም።

«እንግዲያስ ነፋሱ ረገብ ሲል መስኮቱን እናወርድላታለን» አሉና መስታወቱ ብድግ የሚልበትን ማጠፊያ ገጠሙ። ጠልቆ እንዳያሰጥማት ብዬ የመረጥኩትን ዝርግ የሸክላ ሳህንም ውሃ ሞልተው ከጥግ ቀበሩት።

ከሁሉ የማልረሳው አንድ ነገር ነው። ቤተ ክርስቲያን ሲሰግዱ እንኳን አልታጠፍ ያላቸውን ያን ጉልበት አባቴ ቀስ አድርገው መሬት ላይ አሳረፉ። ከዚያ ራሳቸውን ወደ ሣጥኑ ውስጥ አስገቡና ዐይናቸውን ጨፍነው ቆዩ። የሚያደርጉት ግራ ገብቶኝ ቀረብ ብዬ ጠየቅኳቸው።

«እዚህ ጋ ነፋስ ይገባል» አሉ ከውስጥ ሆነው። «ጉንጬ ላይ ይሰማኛል። ጭቃ አቀብዪኝ።»

ቀዳዳውን ደፈኑ። እንደገና ራሳቸውን አስገቡ። አንዲት ኤሊ የሚሰማትን ለማወቅ በሷ ቦታ የገባ ሰው ከሳቸው ሌላ አይቼ አላውቅም።

ያም ሆኖ ኤሊዋ አልበላችም። ዐይኗን መክፈት ጀምራለች፣ ድንጋዩ ላይም ትወጣለች፤ ሳሩን ግን አልፋው ትሄዳለች። አባቴ ምሳቸውን ሳህኑን ይዘው ከሣጥኑ አጠገብ መብላት ጀመሩ። «ብቻዋን መብላት አፍራ ይሆናል» ይላሉ። እኔም ቢሆን ብቻዬን ስሆን ከምበላው ይልቅ ከሳቸው ጋር የምበላው ይሻለኛልና አብሬያቸው እቀመጣለሁ።

እንደዚያ ተቀምጠን ሳለ ያ ሾፌር ጓደኛቸው ደወሉ። የአባቴን እጅ ወጥ ስለነካው ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጌ ያዝኩላቸው።

«ዳባት ደርሻለሁ፣ እናንተ ጋ ልገባ ነው» አሉ ሰውዬው። «ወደ ቆላ እየወረድኩ ስለሆነ አዘጋጃት። እልህህን ተው፤ እዚያ ብርድ ላይ ልትገድላት ነው።»

አባቴ እልኸኛ እንዳልሆኑ አውቃለሁ። ወደ ሣጥኑ ሲያዩ ልሰጣት ይሆን እያሉ እንደሆነ ከፊታቸው አነበብኩ። ኤሊዋ ከድንጋዩ ወርዳ ነበር። አንገቷን መዘዘች፤ አፏን ከፈተች፤ ሳሩን ሳተችው። ትንሽ ቆማ እንደገና ሞከረች፣ ያዘችውም። ስትነጨው ቀጭን ድምፅ ተሰማ።

«ሃሎ? ሃሎ! አትሰማኝም እንዴ? ሞተች?»

አባቴ የጎረሱትን ሳይውጡ ዝም እንድል እጃቸውን ዘረጉብኝ። እንዳያስደነግጧት ፈርተው ነው። መልስ መስጠት ለእኔ ቀረ።

«ጋሼ፣ ይምጡ» አልኩ በሹክሹክታ። «ግን እሷን ሊወስዱ አይደለም። ምሳ ላይ ነን፣ ይድረሱ።»