ቅርፊቱ ያልተላጠ ምሰሶ

አባቴ ወልደአረጋይ በአንኮበር ዙሪያ ቤት የሚሠራ አናጢ ነበር። ቅርፊቱ ያልተላጠ፣ አንድ በጋ ሙሉ ያልደረቀ እንጨት ምሰሶ አድርጎ አያቆምም፤ ባለቤቱ ቢለምነውም ቢቆጣውም ወይ ፍንክች! «ቅርፊት የነቀዝ ቤት ነው» ይላል።

በ1978 መንደር ምሥረታ መጣና ቤታችንን አፍርሰን ሜዳው ላይ እንድንሰፍር ታዘዝን። የጽድ ምሰሷችንን ለቀበሌው ጽሕፈት ቤት ሥራ ወሰዱብን። በምትኩ ያን ቀን የተቆረጠ እርጥብ ባሕር ዛፍ ሰጡን።

«ጓድ፣ ይኼ ገና ውኃው አልወጣም። ልላጠውና ይድረቅልኝ» አለ አባቴ።

ካድሬው «እስከ ቅዳሜ ጣራ ያላለበሰ ፀረ አብዮት ነው» አለው። ያ ግትር ሰውዬ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ከነቅርፊቱ ምሰሶ አቆመ። እኔ ልጁ አፈርኩበት። ዛሬ ሳስበው የማፍረው በራሴ ነው።

በሁለተኛው ዓመት ከምሰሶው ሥር የእንጨት ብናኝ ይጠራቀም ጀመር። በዚያው ሰሞን ጉንዳን ተሰልፎ ምሰሶውን ይወጣል፣ ይወርዳል። አንድ ቀን እናቴን ወለተሐናን ነክሷት እግሯ አበጠ።

«ኧረ አንተ ሰውዬ፣ ቤቱን በልተው ሊጨርሱት እኮ ነው!» አለችው።

አባቴም የእግሯ ማበጥ አናደደውና ሳይመረምር ዙሪያውን አመድ ነሰነሰ። ጉንዳኑ ጠፋ፤ ብናኙ ግን ባሰበት። ያኔ ነው ቅርፊቱን በመጥረቢያ ገልጦ ያየው። እንጨቱ በነጫጭ ትል ተቦርቡሮ አልቋል።

«ጉንዳኑ ይሄን ትል ሊለቅም ነበር የሚወጣው» አለ። «ጉንዳን እንጨት አይበላም። ይሄ የነቀዝ ትል ነው እንጨት በልቶ የሚያድገው። እኔ የሚታየኝን አባረርኩና የማይታየውን ተውኩት።»

ምሰሶውን ልቀይር ብሎ ለቀበሌው አመለከተ። ያለ ፈቃድ ዛፍ መቁረጥ ያሳስር ነበርና ጠበቀ። «ከክረምት በኋላ» አሉት።

ነሐሴ ላይ ከቀትር በኋላ ከባድ በረዶ ጣለ። እኔና አባቴ ከማሳ ሮጠን ስንደርስ ምሰሶው ተሰብሮ ጣራው እናቴ ላይ ወርዷል። ስናወጣት ትንፋሽ አልነበራትም።

በማግሥቱ ጎረቤቶች ከእርጥብ ባሕር ዛፍ ቃሬዛ ሠርተው ሊያነሷት ሲሉ አባቴ «ቆዩ» አለ። ተንበርክኮ የቃሬዛውን እንጨት ቅርፊት ይልጥ ጀመር። ዝናቡ ይወርዳል። ቄሱ «ወልደአረጋይ፣ ልጄ፣ ይብቃህ» ይሉታል። አልሰማቸውም። ሁለቱንም እንጨት ልጦ እስኪጨርስ ድረስ እናቴን ማንም አላነሳትም።