ከታንከሩ ሥር ያለው ገንዳ

የመመረቂያ ፕሮጀክቴን የሠራሁት በደርግ ጊዜ ደባርቅ ላይ ነው። የከተማው የውሃ ታንከር ሞተረኛው ጠላ ቤት በቆየ ቁጥር ሞልቶ ይፈስ ነበር፤ ይህ ያናድደኝ ነበር። ስለዚህ ውሃው ልክ ሲደርስ ተንሳፍፎ ሞተሩን የሚያጠፋ ነገር ከዘይት ቆርቆሮና ከሽቦ ሠራሁ።

የሞከርኩት በገበያ ቀን ነው። የቀበሌው ሊቀ መንበር እጁን ወደኋላ አጣምሮ ከአጠገቤ ቆሟል። ሞተሩ ቢበላሽ «አሻጥር» እንደሚለው አልተጠራጠርኩም፤ በዚያች ቃል የታሰሩ ሰዎች አውቃለሁ። ሽቦውን ብቻ አያለሁ። ቆርቆሮው ቀስ እያለ ወጣ፣ ሽቦው ተሳበ፣ ሞተሩ ጸጥ አለ። አንዲት ጠብታ አልፈሰሰችም። ሊቀ መንበሩ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ሄደ።

ገና እፎይ ሳልል፣ ከጃናሞራ የመጡ አንድ ሽማግሌ ገብስ የተጫነች በቅሏቸውን እየሳቡ ከታንከሩ ሥር ወዳለው የድንጋይ ገንዳ ደረሱ። ገንዳው ደርቋል። በቅሎዋ ድንጋዩን ላሰች።

«ልጄ፣ ውሃውን ዛሬ ምን ነካው?» አሉኝ።

ለካ ገበያተኛው ከብቱን የሚያጠጣው ከዚያ ሞልቶ ከሚፈሰው ውሃ ኖሯል። እኔ ደግሞ በቀን ስንት ሊትር እንደሚፈስ ለክቼ፣ በፕሮጀክቴ የመጀመሪያ ገጽ ላይ «ብክነት» ብዬ ጽፌዋለሁ።