ቡቺ በራችን ላይ የቆመችበት እሁድ

ልጅ ሳለሁ፣ ፌርፋክስ ጎዳና አጠገብ ባለው አፓርታማችን፣ ተረት የሚነግሩኝ ጎረቤታችን ጋሼ ግርማ ነበሩ። ከውሻቸው ከቡቺ ጋር ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ምሽት ላይ መኪና ማቆሚያው ጥግ ከሰል አያይዘው በቆሎ ሲጠብሱ፣ እኔ መጠየቅ ስለማፍር እስኪያዩኝ ድረስ ዝም ብዬ አጠገባቸው እቆማለሁ።

ጋሼ በወጣትነታቸው ስዊዘርላንድ ውስጥ ተራራ ላይ ባለ ሆቴል ሰሃን ያጥቡ ነበር። የሚያወሩልኝም እዚያ ስለሰሙት ስለ ትልልቆቹ ውሾች ነው። መንገደኛ በረዶ ውስጥ ሲጠፋ ሁለት ሆነው ይወጣሉ፤ አሽትተው ያገኙታል፤ ቆፍረው ሲያወጡት አንዱ ላዩ ላይ ተኝቶ ያሞቀዋል፣ ሌላው ሰው ሊጠራ ይሮጣል። ያኔ በረዶ የማውቀው ፍሪጅ ውስጥ ብቻ ስለነበር፣ ፍሙን እያየሁ ሰውየው ስንት ፍሪጅ ሙሉ በረዶ ስር እንደተኛ አስብ ነበር።

«አንድ ውሻ ብቻ ከሆነስ?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ያኔማ ሰውየው ብርዱን ይቻለው፣ ውሻው ሰው ይጥራ» ብለው ሳቁ። «ይቺን ቡቺን ግን እንዳታምኛት፤ በቆሎ ካየች እኔንም ትረሳኛለች።»

አንድ እሁድ ጠዋት ልቆርብ ነበር። እማዬ ነጠላዬን አልብሳኝ፣ «ያቺ ውሻ እንዳትነካሽ፤ ከነካችሽ ቁርባን የለም» ብላኝ መኪናዋን ልታስነሳ ወረደች። በሩን ስከፍት ቡቺ ቆማለች። አልጮኸችም። የነጠላዬን ጫፍ ነክሳ ጎተተችኝ፣ ገርበብ ወዳለው የጋሼ በር ሄደች፣ ተመልሳ መጣች። እኔ የጥርሷ ምልክት እንዳይታይ ነጠላዬን አጣጠፍኩት። እንደገና ስትጠጋኝ አፍንጫዋን በጫማዬ መታኋት። ከዚያ ወረድኩ። ቆረብኩም።

ስንመለስ አምቡላንስ ደጃፋችን ቆሟል። ጋሼ ሻወር ቤት ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሮ፣ የታች ቤቱ ጎረቤት ድምፃቸውን እስኪሰማ ድረስ ቀዝቃዛው ወለል ላይ ተኝተው ነበር። ቡቺ እኛ በር ላይ ኩርምት ብላለች።

ከሆስፒታል ሲወጡ ልጃቸው ሎንግ ቢች ወዳለው ቤቷ ልትወስዳቸው መጣች። እማዬ ስለ ውሻዋ ጠየቀቻቸው።

«ነገ በርባንክ የሚኖር አንድ ሰው መጥቶ ይወስዳታል» አሉ። «ወድቄ ስጣራ ጥላኝ ወጣች እኮ። እናንተ በር ላይ ተኝታ አገኟት አሉ።»

«ውሻ አይደለች እንዴ ጋሼ፣ ምን ይጠበቅባታል?» አለች እማዬ።

እኔ የመድኃኒት ከረጢታቸውን ይዤ መሀላቸው ቆሜያለሁ። ብናገር የቁርባኑም ነገር ይወጣል። ከረጢቱን ለልጃቸው አቀበልኳት። በማግስቱ ሰውየው መጥቶ ወሰዳት።

አሁን አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። ከተረቶቹ ብዙውን ረስቻለሁ። ያኔ ሁልጊዜ ራሴን የማየው በረዶው ስር እንደተኛው ሰው አድርጌ ነበር፤ ውሻው ሮጦ የሚጠራው ሰው እኔ ልሆን እንደምችል አንድም ቀን አላሰብኩም።

ጋሼ በየበዓሉ ይደውላሉ። ባለፈው እማዬ ስልኩን ሰጠችኝ።

«ያቺ ቡቺ ትከነክነኛለች» አሉኝ በቀጠነ ድምፅ። «ምን በድያት ይሆን?»

«ምንም አልበደሏትም» አልኩ።

ሌላ ነገር ሳይጠይቁኝ ስልኩን ለእማዬ መለስኩላት።