ወንድሜና የቴሌቪዥኑ ወታደር

ያንን ድራማ የጻፈውን ሰው ባገኘው አንድ ነገር ነበር የምጠይቀው፦ ከጦርነት ከተመለሰ ሰው ጋር አንድ ቀን እንኳ ማዕድ ቆርሰህ ታውቃለህ? አይመስለኝም። ቆርሶ ቢያውቅማ ያንን ወታደር በየሳምንቱ እያስጮኸ ብርጭቆ አያሰብረውም ነበር።

ድራማው የሚታየው እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። እኔ ደብረ ማርቆስ አስተምራለሁ። ታናሽ ወንድሜ ከጦር ሜዳ ከተመለሰ ወዲህ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ ሮብ ገበያ እወርድና በእግሬ ወደ ወላጆቼ ቤት እወጣለሁ።

ወንድሜ አይጮኽም። ምንም አይሰብርም። ያርሳል፣ ያጭዳል፣ ሲጠሩት አቤት ይላል። ጫማውን ግን አያወልቅም። ማሰሪያውን አጥብቆ እንዳሰረ ይተኛል። ቤተ ክርስቲያን በጫማ አይገባምና ውጭ ዛፍ ሥር ቆሞ ያስቀድሳል። አንድ ቀን ምክንያቱን ብጠይቀው፣ «ጫማውን ሲያጠልቅ ተመትቶ የቀረ ጓደኛ ነበረኝ፣ እትዬ» አለኝ።

እናቴን ያንገበገባት ይኸው ጫማ ነው። እኛ ቤት ከመንገድ የመጣ ሰው እግሩን ሳይታጠብ አያድርም። ልጇ የተመለሰ ዕለት ውሃ አሙቃ፣ ሳፋ ይዛ ቀረበች። «ተይው እማዬ» አላት። በማግስቱም ተይው አላት። ጎረቤቱ «ኮራ» ይላል፤ እሷ ደግሞ «የገዛ ልጄ ተጠየፈኝ» እያለች ታለቅሳለች።

ደብረ ማርቆስ ያለ ሐኪም አነጋግሬ ለሰኞ ቀጠሮ ያዝኩለት። እሱም እሺ አለ። አባቴ ግን ጣቱን ወደ ቴሌቪዥኑ ቀሰረ።

«የታመመማ ያውልሽ! ይጮኻል፣ ይማታል። የኔ ልጅ ምን ሆነ? የእብድ ስም ልታወጪበት ነው?»

ያንን ቴሌቪዥን በዘነዘና ብቀጠቅጠው ደስታዬ ነበር።

የቀጠሮው ዋዜማ እሑድ የድራማው መጨረሻ ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ ቤታችን ተሰብስቧል። ወታደሩ ዳነ። እንዴት ዳነ? እናቱ አቀፈችው፣ ዋሽንት ተነፋ፣ አለቀሰ፣ በቃ ዳነ! ጉንፋን እንኳ እንዲህ ቶሎ አይለቅም። ሴቶቹ እንባቸውን በነጠላቸው ይጠርጋሉ፤ እናቴ እልል አለች። ከዚያ ተነሥታ ውሃ አሞቀች።

ወንድሜ እንደ ልማዱ በሩ አጠገብ መደብ ላይ ተቀምጧል። እናቴ ሳፋውን እግሩ ሥር አኖረች። «ያ ልጅ በእናቱ እጅ ዳነ፤ አንተም ትድናለህ» ብላ ተንበረከከችና ሳትጠይቀው የጫማውን ማሰሪያ ፈታች።

እግሩ ተወነጨፈ። ፊቱን አይቼዋለሁ፤ እግሩን ያዘዘው እሱ አልነበረም። ሳፋው ተገለበጠ፤ እናቴ በጀርባዋ ወደቀች።

«ገመድ አምጡ! ታሟል! እሰሩትና ጠበል ይወሰድ!» አለ አባቴ።

ለካ ታመመ ለመባል ሰው መምታት ነበረበት! ድምፁን አጥፍቶ ሲሰቃይ የከረመው ሰው ጤነኛ ነበር፤ አንድ ጊዜ ሲደነግጥ እብድ ሆነ። ለቴሌቪዥኑ ወታደር ያለቀሱት ጎረቤቶች እንባቸው ሳይደርቅ ከወንድሜ ሸሽተው ግድግዳው ላይ ተለጠፉ። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ገመዱን አባቴ ራሱ ሲያመጣው ከእጁ ነጠቅሁት። አባቴን በሰው ፊት ተቆጥቼው አላውቅም፤ ያን ቀን ግን ጮኽኩበት። እናቴም ከወደቀችበት ሆና፣ «ደህና ነኝ፣ ልጄን አትንኩት» ትላለች።

ወንድሜን ይዤ ወጣሁ። እስከ ሮብ ገበያ ድረስ በእግራችን ወረድን። የተፈታው ማሰሪያ ጭቃው ላይ ይጎተታል። ሁለት ጊዜ ጎንበስ ብሎ ሞከረ፤ ማሰር አልሆነለትም። ሚኒባሱ ጋ ስንደርስ ቆመ።

«እማዬን መታኋት አይደል?»

«አውቀህ አይደለም።»

«አሁን እንደዚያኛው ሆንኩላቸው።»

ጭቃው ላይ ተንበረከክሁና ቀና ብዬ፣ «ልሰርልህ?» አልኩት።

እግሩን ወደ እኔ አስጠጋ።

«አጥብቂው» አለኝ።

አጥብቄ አሰርኩለት።