የተጣበቀው ምዕራፍ

ልጄ እጄን መያዝ ያቆመችው መቼ እንደሆነ በትክክል አላውቅም። የማስታውሰው፣ ጠዋት ከኮንዶሚኒየማችን ወርደን አስፋልቱን ልናቋርጥ እጄን ዘርግቼ ስጠብቃት የቦርሳዋን ማንገቻ በሁለት እጇ ጨብጣ ቀድማኝ መሻገሯን ነው። መጀመሪያ ሳቅሁ። አሥራ አንድ ዓመት ሞላትና ትልቅ ሴትዮ ሆነችብኝ አልኩ። ሌላ ቀን ታክሲ ውስጥ መጨረሻው ወንበር ላይ አራት ሆነን ስንጠጋጋ ቦርሳዋን በመሃላችን አስገባችው። ከዚያ ደግሞ የተጠማዘዘ ኮሌታዋን ላስተካክልላት ስጠጋ ደንግጣ ወደ ኋላ አለች። ከዚያ በኋላ አልሳቅሁም።

እናቷ ዱባይ ሰው ቤት ትሠራለች። እኔ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ሶፋ እሠራለሁ፤ ቤት ውስጥ ደግሞ እናትም አባትም እኔ ነኝ ብዬ እፎክራለሁ። ፀጉሯን አስይዛለሁ፣ ምሳ ዕቃዋን እቋጥራለሁ፣ ዩኒፎርሟን እተኩሳለሁ። "ምን አድርጌሽ ነው የምትሸሺኝ?" ብሎ መጠየቅ ግን አቃተኝ። አንድ ሰሞን የሶፋ ማጣበቂያ፣ ማስቲሽ ማስቲሽ ስለምሸት ይሆናል ብዬ ከሥራ እንደገባሁ መታጠብ ጀመርኩ። ምንም አልተለወጠም። ቀስ እያለ ክፉ ሐሳብ ገባብኝ፤ አንድ ሰው አንድ ነገር አድርጓት ቢሆንስ? ይህ ሐሳብ ሲመጣብኝ መዶሻዬን ጥዬ እወጣና እስከ ተክለ ሃይማኖት ድረስ በእግሬ ሄጄ ያለ አንዳች ጉዳይ እመለሳለሁ። የግቢያችንን ጥበቃ፣ የእሑዱን አስጠኚ፣ የባለሱቁን ወንድም፣ ሁሉንም በክፉ ዓይን አያለሁ። ምንም ያላደረጉኝን ሰዎች ሰላምታ መንፈግ ጀመርኩ።

እንዲህ ስባዝን ነው መጽሐፉ የመጣው። የልጄ ትምህርት ቤት ለአምስተኛና ለስድስተኛ ክፍል የጤና አጋዥ መጽሐፍ ገዝቶ ነበር። ስለ ጥርስ፣ ስለ ምግብ፣ ስለ እንቅልፍ ያወራና አንድ ምዕራፍ ላይ ሲደርስ የሴትና የወንድ ልጅ ሰውነት ሲያድግ ምን እንደሚሆን፣ የወር አበባ ምን እንደሆነ፣ ልጅ እንዴት እንደሚፀነስ ይናገራል። ከሥዕሎቹ አንዱን አንድ ወላጅ በስልኩ አንሥቶ የወላጆች የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጠፈው። ከዚያማ ምኑ ቅጡ! ሌላ ጊዜ ስለ ክፍያ ካልሆነ ድምፁ የማይሰማው ግሩፕ ተናወጠ። የነጮች ተንኮል ነው የሚል፣ ባህላችን አለቀ የሚል፣ በድምፅ መልእክት የሚያለቅስ፣ ልጄን ዛሬውኑ አስወጣለሁ የሚል።

እኔ ወርክሾፕ ውስጥ ስፖንጅ ላይ ተቀምጬ ገጹን በጣቴ እያሰፋሁ አነበብኩት። ዓይኔን የያዘው ሥዕሉ ሳይሆን ከሥሩ ያለው ጽሑፍ ነበር። "የሚያስፈራችሁ ነገር ካለ ለምታምኑት ትልቅ ሰው ንገሩ" ይላል። ወራት ሙሉ አፌ ላይ ደርሶ ሲመለስብኝ የነበረው ይኸው ነው። መጽሐፉ ይናገርልኝ አልኩ፤ ልጄ ታንብበውና፣ የፈራችው ነገር ካለ ትንገረኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ለስብሰባ ተጠራን። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ የልጆች ወንበር ላይ ጉልበታችን አገጫችን ጋ ደርሶ ተቀመጥን። ከሁሉም በላይ የተቆጡት ጎረቤቴ ነበሩ፤ ከእኛ አንድ ፎቅ በላይ የሚኖሩ፣ ከመንግሥት ሥራ ጡረታ ወጥተው የልጅ ልጃቸውን የሚያሳድጉ፣ ልደታ ማርያምን ሳይሳለሙ ቀናቸውን የማይጀምሩ ሴት። እኔም ልጄም እማማ ነው የምንላቸው።

"ይሄ የቤት ሥራ ነው!" አሉ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው እየመለሱ። "ሴት ልጅ ይሄን ከእናቷ አፍ ነው የምትሰማው፤ በጓዳ፣ በጆሮዋ። ምነው፣ እናቶች አለቁ እንዴ በመጽሐፍ አደባባይ የሚሰጣው?"

ጭብጨባው ቤቱን ሞላው። እኔ ወንበሩ ላይ ስቁነጠነጥ ቆይቼ ሳላስበው ተነሣሁ።

"እናቷ አጠገቧ የሌለችስ?" አልኩ። ድምፄ ከፈለግሁት በላይ ጮኸ። "እርስዎ እናት እናት ይላሉ። እናቷ አረብ አገር ያለችው ልጅ ከማን አፍ ትስማ?"

ዞረው አዩኝ። ቁጣቸው ከፊታቸው ላይ ጠፋ።

"ስላንተ ልጅ አታስብ" አሉኝ ዝግ ብለው። "ተቀመጥ፣ ልጄ።"

ንቀት መሰለኝ። ደሜ ፈላ፤ መልስ ልሰጥ ስል ዳይሬክተሩ ቀደመኝ። መጻሕፍቱን የሸጠው ሰው መልሶ አይቀበልም፣ ማቃጠልም ነውር ነው፤ ስለዚህ ምዕራፉ ገጽ ለገጽ ይጣበቅና መጽሐፉ ይታደል አለ። ሁሉም ተስማማ። አንዱ አባት ወደ እኔ እየጠቆመ፣ "ሶፋ ሠሪ እያለልን ማጣበቂያ ልንገዛ ነው እንዴ?" ሲል ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። የመጽሐፉ ብቸኛ ጠበቃ የመጽሐፉ ገናዥ ሆኜ ተመረጥኩ።

ተንኮል ግን አይጠፋኝም። ማስቲሽ ከቀባሁት እስከ ወዲያኛው አይከፈትም፤ ስለዚህ የእንጨት ኮላ በውኃ አቅጥኜ ይዤ ሄድኩ፤ በኋላ በእንፋሎት ይላቀቅልኛል ብዬ። እማማ ሊያግዙ መጡና ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። እኔ በብሩሽ እቀባለሁ፣ እሳቸው በመዳፋቸው ይጫናሉ። አንዱን መጽሐፍ ሳልቀባው ጃኬቴ ውስጥ ልከተው ፈልጌ ነበር፤ ሴትዮዋ ዓይናቸውን ከእጄ ላይ አልነቅል አሉ። እኔ እንደተኳረፍን ነው የማውቀው። እሳቸው መሃል ላይ ከቦርሳቸው ብርቱካን አውጥተው ልጠው ግማሹን ሰጡኝ። በላሁት፤ አመሰግናለሁ ግን አላልኩም።

መጽሐፉ በሰኞው ታደለ። የቀጠነውን ኮላ ወረቀቱ ጠጥቶት ኖሮ የልጄ መጽሐፍ መሃሉ ላይ አብጦ ነፍሰ ጡር መስሎ መጣ። እሷ ቦርሳዋን ወርውራ ወደ ግቢው ስትወርድ ጠብቄ ማንቆርቆሪያውን ምድጃ ላይ ጣድኩ። እንፋሎቱ ሲያፏጭ ገጾቹን ከላዩ ይዤ በቢላዋ ጫፍ መፈልቀቅ ጀመርኩ። አንዱ ጥግ ተነሣልኝ። ደስ ብሎኝ ትንሽ ስስበው ወረቀቱ ለሁለት ተገነጠለ፤ ጽሑፉ ማዶ ያለው ገጽ ላይ ተለጥፎ ቀረ። ሌላውን ሞከርኩ። እሱም ተቀደደ።

"አባዬ፣ መጽሐፌን ለምንድን ነው የምትቀቅለው?"

በሩ ላይ ቆማለች። ቢላዋውን አስቀመጥኩ፤ መልሼ አነሣሁት።

"ላነብልሽ ፈልጌ ነው" አልኩ። "ይሄ ምዕራፍ... ሴት ልጅ ስታድግ የሚመጣው..."

"አውቀዋለሁ" አለች ወለሉን እያየች። "መጥቶብኛል። ከገና በፊት።"

ከገና በፊት! ፋሲካ እንኳ አልፏል።

"ማን... ምን አድርገሽ?"

"ደረጃ ላይ ሳለቅስ እማማ አገኙኝ። ቤታቸው አስገብተው አጥበውኝ ልብስ ቀየሩልኝ። ሞዴስ የሚገዙልኝ እሳቸው ናቸው።"

"ለእናትሽ እንኳን አትነግሪም?"

"በምን ልንገራት? ስልኩ ያንተ ነው። ስናወራ አጠገባችን ነህ።"

ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም ይባላል። ጎረቤቴ ሳልጮህ ደርሰውልኛል፤ እኔ ስብሰባ ላይ ጮህኩባቸው። አፈርኩ። ከእፍረቱ በላይ ግን አንድ ነገር ይወጋኝ ነበርና ከዚያ በላይ መያዝ አልቻልኩም።

"የነካሽ ሰው አለ?" አልኳት። "የጎዳሽ ሰው ካለ ንገሪኝ። አልቆጣም።"

"የለም" አለች። "ማንም አልነካኝም። እንዳይነኩኝ እኮ ነው የምጠነቀቀው።"

"ለምን?"

"እማማ ናቸዋ። ከዛሬ ጀምሮ ወንድ ከነካሽ ታረግዣለሽ ብለውኛል።"

አስፋልቱ፣ ታክሲው፣ ኮሌታው፣ ሁሉም አንድ በአንድ መጡብኝ።

"እኔም?" አልኳት።

"አንተስ ወንድ አይደለህ?" አለች። "ባለፈው የታክሲው ረዳት ሂሳብ ስሰጠው እጄን ነካኝ። ያረገዝኩ መስሎኝ ነበር። ሁልጊዜ ጠዋት ሆዴን አየዋለሁ።"

እኔ ማስቲሽ ይሸታታል ብዬ ስታጠብ፣ ንጹሕ ሰው ስጠረጥር፣ እዚያው ግድግዳ ማዶ ልጄ ሆዷን እየዳበሰች ታነጋ ነበር። በእማማ ልቆጣ ፈለግሁ፤ አልቻልኩም። እሳቸውም ልጅ ሆነው በጆሯቸው የተነገራቸውን ነው ያቀበሏት፤ እኔ ደግሞ ያንንም ያህል አልነገርኳት። መጽሐፉን አነሣሁ፤ እርጥብ ነው፤ እኔው ያጣበቅሁት ገጽ እጄ ላይ ተፈረፈረ። ከዚያ ውስጥ የሚነበብ ነገር አልነበረም።

"እጅ ለእጅ በመነካካት አይረገዝም" አልኳት። "አጠገብ ለአጠገብ በመቀመጥም አይረገዝም። አባቷ ያቀፋት ልጅ ምንም አትሆንም። አላረገዝሽም፣ የኔ እናት። አላረገዝሽም።"

ቀና ብላ አየችኝ። ልታምነኝ ፈልጋለች፤ ግን አንዴ በትልቅ ሰው ቃል ብዙ ወር ፈርታለችና ዝም ብላ የምትቀበል አልነበረችም።

"ታዲያ በምንድን ነው የሚረገዘው?" አለችኝ።

ምድጃውን አጠፋሁ። ላብ እያጠመቀኝ፣ እየተንተባተብኩ፣ ሁሉንም በየስሙ እየጠራሁ ነገርኳት።